የባሕር ዛፍ ዋጋ ገደሉ ላይ ይቆረጣል
በትራክተር ላይ የሚገጠም ዊንች ለደባርቅና ለዳባት እንጨት ነጋዴ ያዋጣ ይሆን?

ከጎንደር ተነሥቶ በአምባ ጊዮርጊስ፣ በዳባትና በወቀን አልፎ ደባርቅ የሚደርስ መንገደኛ በመንገዱ ግራና ቀኝ ተደርድሮ የሚያየው የባሕር ዛፍ ክምር ለዓይን አንድ ዓይነት ነው። ለነጋዴው ግን አንድ አይደለም። ከአስፋልቱ ዳር ባለ ሜዳ ላይ የተቆረጠው እንጨት እና ከሸለቆው ሥር በሰው ትከሻ የወጣው እንጨት በመኪና ላይ አንድ ዋጋ ያውጡ እንጂ እዚያ ለመድረስ ያስወጡት ገንዘብ እጅግ የተራራቀ ነው። ልዩነቱን የሚሸከመው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ዛፉን የተከለው ገበሬ ነው።

በአካባቢው እንደ ሌላው የአማራ ክልል ደጋ ሁሉ ባሕር ዛፍ በአብዛኛው የሚሸጠው በቁሙ ነው። ገዥው ወይም ደላላው ማሳው ድረስ ሄዶ ዛፉን በዓይኑ ይቆጥራል፤ ውፍረቱን ይገምታል፤ ቀጥሎም ወደ መንገዱ አቅጣጫ ዞሮ ርቀቱንና ዳገቱን ያያል። ዋጋው የሚቆረጠው በዚህ በኋለኛው እይታ ነው። ቆራጩ፣ ተሸካሚው፣ ጫኙና ባለ መኪናው የሚወስዱትን ቀንሶ የተረፈውን ለባለ ዛፉ ይሰጣል። ስለዚህ ከእነዚህ ወጪዎች አንዱን የሚቀንስ ማናቸውም መሣሪያ የገበያውን ድርድር ይለውጣል ማለት ነው።

በአውሮፓ ተራሮች፣ በተለይም በኦስትሪያና በስሎቬኒያ፣ ትናንሽ የደን ባለቤቶች ይህንን ችግር ከተወጡባቸው መሣሪያዎች አንዱ በእርሻ ትራክተር ጀርባ ላይ የሚገጠም ዊንች ነው። በሰሜን ተራሮች ግርጌ ትራክተሩም ዊንቹም ቢቀርብ ሒሳቡ ይመታል ወይ? የሚለው ጥያቄ በወረቀትና በእርሳስ ሊሠራ የሚችል ነው። መልሱም ብዙዎች እንደሚገምቱት «ማሽን ከሰው ይረክሳል» የሚል አይደለም።

የሚወጣው እንጨት

ባሕር ዛፍ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ገደማ፣ የአዲስ አበባን የማገዶ እጥረት ለማቃለል እንደሆነ ይታወቃል። ከዚያ ወዲህ ባለው ጊዜ በደጋው አገር ነጭ ባሕር ዛፍ፣ በቆላና በወይና ደጋው ቀይ ባሕር ዛፍ ተስፋፍቷል። ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ዳባትና ከዚያም ከፍ የምትለው ደባርቅ የነጩ አገር ናቸው።

የባሕር ዛፍ ትልቁ ጥቅም ሲቆረጥ ከጉቶው መልሶ ማቆጥቆጡ ነው። ገበሬው አንዴ ተክሎ ደጋግሞ ያጭዳል። ቀጭኑ ለማገር፣ ከዚያ የሚበልጠው ለአጣና፣ ወፈር ያለው ለቋሚና ለወራጅ ይሸጣል። ሳይቆረጥ ብዙ ዓመት የቆየው ግንድ ደግሞ ጣውላና ሞራሌ ለሚያወጣ መጋዝ ወይም ለመብራት ምሰሶ ይሆናል። ፍላጎቱም አልጠፋም። ሰሜን ጎንደር በ2010 ዓ.ም. ለሦስት ዞኖች ሲከፈል ደባርቅ የአዲሱ ሰሜን ጎንደር ዞን መቀመጫ ሆናለች፤ ዩኒቨርሲቲም ተከፍቶባታል። ቢሮ፣ መኖሪያና ሆቴል በሚሠራበት ከተማ ደግሞ እንጨት ይፈለጋል።

በሌላ በኩል ጦርነት አካባቢውን ጎድቶታል። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያና በ2014 ዓ.ም. መግቢያ የሰሜኑ ጦርነት ዳባት ወረዳ ደርሶ በጭና ብዙ ሰው ያለቀበት ውጊያ ተካሂዷል። ከክልሉ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ይሄድ የነበረው የባሕር ዛፍ አጣና ንግድም ሱዳን ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ወደ እርስ በርስ ጦርነት ከገባች በኋላ አስተማማኝነቱን አጥቷል። ስለዚህ የዛሬው የደባርቅና የዳባት እንጨት ነጋዴ መቁጠር ያለበት በቅርብ ያለውን የአገር ውስጥ ገበያ ነው።

ትከሻ፣ በሬና አህያ

አንድ አማካይ ውፍረቱ 12 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 10 ሜትር የሆነ እርጥብ የባሕር ዛፍ ቋሚ ከአንድ ኩንታል በላይ፣ 110 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ይህንን ሦስት ሰዎች ተጋግዘው ዳገት ሊያወጡት ይችላሉ። አማካይ ውፍረቱ 25 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 6 ሜትር የሆነ ለመጋዝ የሚሆን ግንድ ግን ወደ 300 ኪሎ ግራም ይደርሳል። ይህ የሦስት ሰው ሸክም አይደለም።

አህያ ማገርና ፍልጥ ትሸከማለች እንጂ ረጅም ግንድ በገደል መንገድ አትዞርበትም። በሬ ይጎትታል፤ ነገር ግን ጥንድ በሬ ቀኑን ሙሉ ሳይደክም ሊጎትት የሚችለው ከራሱ ክብደት አንድ አሥረኛውን ወይም ከዚያ ጥቂት ከፍ ያለውን ነው። ሁለቱ በሬዎች በአንድነት 600 ኪሎ ግራም ቢመዝኑ ዘላቂ ጉልበታቸው ከ60 እስከ 70 ኪሎ ግራም ገደማ ይሆናል። 300 ኪሎ ግራም ግንድ በሜዳ መሬት ላይ ለመጎተት ብቻ ከክብደቱ ግማሽ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ጉልበት ይጠይቃል። ዳገት ሲጨመርበት የበሬ ሥራ አይሆንም።

ታዲያ ነጋዴው ምን ያደርጋል? ግንዱን እዚያው በወደቀበት ይቆራርጠዋል። ስድስት ሜትር የነበረው ሁለት ሁለት ሜትር ይሆናል፤ ወይም ይፈለጥና በአህያ ይወጣል። ጣውላ፣ ወራጅ ወይም ምሰሶ ሊሆን ይችል የነበረ እንጨት ማገዶ ሆኖ ይሸጣል። የገደሉ እውነተኛ ኪሳራ እዚህ ላይ ነው። ለተሸካሚ የሚከፈለው ገንዘብ በዓይን ይታያል፤ ርዝመቱን በማጣት የሚቀረው ዋጋ ግን በማንም መዝገብ አይሰፍርም።

ዊንቹ እንዴት ይሠራል?

መሣሪያው ውስብስብ አይደለም። ከትራክተሩ ኋላ ማረሻ በሚንጠለጠልበት ባለ ሦስት ነጥብ ማንጠልጠያ ላይ ይገጠማል። ጉልበቱን የሚወስደው ሾፌሮች «ፒቲኦ» ከሚሉት የኋላ ጉልበት ማውጫ ዘንግ ነው። ዘንጉ በሰንሰለትና በጥርስ አማካይነት የብረት ካቦ የተጠቀለለበትን ከበሮ ያዞራል። ከበሮው የራሱ ፍሪሲዮንና ፍሬን አለው። ከታች ያለው ወፍራም የብረት ጋሻ ሲወርድ መሬቱን ነክሶ ትራክተሩ ወደ ገደሉ እንዳይሳብ ይይዘዋል።

ሠራተኛው ካቦውን እየጎተተ ወደ ሸለቆው ይወርዳል፤ ግንዶቹን በማነቂያ ሰንሰለት አስሮ ካቦው ላይ ይሰካል፤ ከአደጋ ቀጣና ወጥቶ ምልክት ይሰጣል። ትራክተሩ ካለበት ሳይነቃነቅ ካቦው ይጠቀለላል፤ እንጨቱም እየተጎተተ ይወጣል። ዋናው ቁም ነገር ይኸው ነው። ትራክተሩ ወደ ገደሉ አይወርድም፤ መንገድ ላይ ወይም ሜዳ ላይ ቆሞ እጁን ይዘረጋል እንጂ።

ለእርሻ ትራክተር የሚሠሩ የተለመዱ ዊንቾች ከ3 እስከ 8 ቶን ገደማ የመሳብ አቅም አላቸው። የካቦው ርዝመት ብዙ ጊዜ ከ50 እስከ 100 ሜትር አካባቢ ነው። ገዥው ሊያውቀው የሚገባው ነገር በወረቀት ላይ የተጻፈው አቅም ከበሮው ባዶ ሲሆን ያለው መሆኑን ነው። ካቦው እየተደራረበ ሲጠቀለል ፍጥነቱ ይጨምራል፤ የመሳብ ጉልበቱ ግን ይቀንሳል። የካቦው የመበጠሻ ጉልበትም ከዊንቹ የመሳብ አቅም ቢያንስ እጥፍ መሆን አለበት።

ትልቅ ትራክተር ያስፈልጋል የሚለው ግምት ግን ስህተት ነው። ሦስት ግንድ፣ ማለትም 900 ኪሎ ግራም ያህል፣ እጅግ በቆመ ዳገት ላይ ለመጎተት የሚጠይቀው ጉልበት ከራሱ ከእንጨቱ ክብደት ጋር ሊስተካከል ይችላል። ይህ በሴኮንድ ግማሽ ሜትር ፍጥነት ሲሳብ ከበሮው ላይ የሚያስፈልገው ኃይል ስድስት የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው። በመካከል የሚባክነውን እጥፍ አድርጎ ቢያስቡት እንኳ በአገራችን በስፋት የሚታወቀው 80 የፈረስ ጉልበት ያለው የቤላሩስ ትራክተር ከበቂ በላይ ነው። ትራክተሩ የሚፈለገው ከሞተሩ ጉልበት ይልቅ በክብደቱ ምክንያት ነው። ቀላል ትራክተር የፊት ጎማው ይነሣል፤ ይገለበጣልም።

ሒሳቡ በወረቀት ላይ

ከዚህ በታች ያሉት ዋጋዎች ለስሌት እንዲያመቹ የተወሰዱ ናቸው። አንባቢው በእጁ ያለውን የዕለቱን ዋጋ በቦታቸው አስገብቶ ራሱ ሊሠራው ይገባል።

ዊንቹ ተገዝቶ፣ ተጓጉዞ፣ ቀረጥና ታክሱ ተከፍሎ 600 ሺሕ ብር ወጣበት እንበል። በስድስት ዓመት ያረጃል ቢባል የዓመቱ የእርጅና ተቀናሽ 100 ሺሕ ብር ነው። በአማካይ በተቀረው ግማሽ ካፒታል ላይ 20 በመቶ ወለድ ሲታሰብ 60 ሺሕ ብር ይሆናል። ካቦ፣ ሰንሰለትና ጥገና 40 ሺሕ ብር ቢወስድ የዓመቱ ጠቅላላ ወጪ 200 ሺሕ ብር ነው። በዓመት 100 ቀን የሚሠራ ከሆነ ለቀኑ 2,000 ብር ይደርሳል።

ለትራክተር፣ ለነዳጅና ለሾፌር የቀን ኪራይ 9,000 ብር፣ ለሁለት ረዳቶች 500 ብር በነፍስ ወከፍ ይታሰብ። የቀኑ ጠቅላላ ወጪ 12,000 ብር ሆነ ማለት ነው።

ካቦውን 80 ሜትር ይዞ መውረድ፣ ማሰር፣ መጎተት፣ መፍታት፣ በጉቶ የተያዘውን ማስለቀቅ ጭምር አንዱ ዙር 15 ደቂቃ ቢወስድ በስድስት የሥራ ሰዓት 24 ዙር ይሆናል። በአንድ ዙር አምስት ቋሚ ቢወጣ በቀን 120 ቋሚ፣ ለአንዱ 100 ብር ማለት ነው። ሦስት ተሸካሚዎች ግን በቀን 30 ቋሚ ቢያወጡና ለእያንዳንዳቸው 500 ብር ቢከፈል አንዱ ቋሚ 50 ብር ብቻ ያስወጣል። ስለዚህ ለአጣናና ለቋሚ ዊንቹ ከእጅ አይሻል ዶማ ነው። የሰው ትከሻ ያሸንፈዋል።

አሁን ወደ ግንዱ እንምጣ። 300 ኪሎ ግራሙን ግንድ ለማውጣት ስምንት ሰው ቢያስፈልግና በቀን 12 ግንድ ቢያወጡ ወጪው 4,000 ብር፣ ለአንዱ ግንድ 333 ብር ነው። ዊንቹ በአንድ ዙር ሦስት ግንድ ቢያወጣ በቀን 72 ግንድ ይሆናል፤ አንዱም 167 ብር ይፈጃል። ወጪው በግማሽ ወረደ ማለት ነው። በዚያ ላይ ግንዱ ሳይቆራረጥ በሙሉ ርዝመቱ ይወጣል። በስምንት ሰው መሸከም ስለማይመች ገደል ውስጥ ማገዶ ይሆን የነበረው እንጨት ጣውላ ሆኖ ይሸጣል። ትርፉ በዋናነት የሚገኘው ከዚህ ከኋለኛው ነው።

ይህ ሒሳብ ግን የተደበቀ ሁኔታ አለው። 72 ግንድ 216 ኩንታል ነው። 50 ኩንታል የሚጭን አይሱዙ ከአራት ጊዜ በላይ መመላለስ አለበት፤ ወይም አራት መኪና መቆም አለበት። ቆራጮቹም በመጥረቢያ ሳይሆን በሞተር መጋዝ ቀድመው ጥለው መገኘት አለባቸው። በቀን አንድ መኪና ብቻ ከተጫነ፣ ማለትም 17 ግንድ ያህል ብቻ ከወጣ፣ ያው 12,000 ብር ተከፍሎ አንዱ ግንድ 700 ብር ገደማ ይፈጃል። ይህም ከሸክም ከእጥፍ በላይ ነው። ሁለቱ ወጪዎች የሚተካከሉት በቀን 36 ግንድ ላይ ነው። በነጋዴ ቋንቋ ሲነገር፣ በቀን ሁለት አይሱዙ የማይሞላ ዊንች ከትከሻ ይከፋል።

የመሣሪያው ዋጋ ብዙዎች የሚፈሩትን ያህል ወሳኝ አለመሆኑም ከዚሁ ይታያል። ዊንቹ 600 ሺሕ መሆኑ ቀርቶ 1 ሚሊዮን 200 ሺሕ ብር ቢሆን የቀኑ ወጪ ከ12,000 ወደ 13,600 ብር ብቻ ከፍ ይላል፤ መተካከያውም ከ36 ወደ 41 ግንድ ይደርሳል። ሒሳቡን የሚገድለው ትራክተሩ እንጨት ሲጠብቅ ወይም እንጨቱ መኪና ሲጠብቅ የሚያልፈው ቀን ነው።

ትራክተሩ ከየት ይመጣል?

በደባርቅና በዳባት ዳገታማ የገበሬ ማሳ ላይ አራሹ በሬ ነው። ለእንጨት ብቻ ብሎ ትራክተር የሚገዛ ሰው ከላይ የተባለውን 9,000 ብር በእጥፍ ሊያስበው ይገባል። መፍትሔው የሚገኘው በሁለቱ አገሮች የሥራ ወቅት መለያየት ውስጥ ነው።

በመተማና በቋራ ቆላ ሰሊጥ፣ ማሽላና ጥጥ የሚዘራባቸው ሰፋፊ እርሻዎች የሚታረሱት በትራክተር ነው። የትራክተሩ ዋና ሥራ ዝናብ ሲጀምር፣ በሰኔና በሐምሌ አካባቢ ነው። በበጋው ወራት ግን ትራክተሩ ብዙ ቀን ሥራ ፈትቶ ይቆማል። በሰሜን ተራሮች ግርጌ እንጨት የሚወጣው ደግሞ መሬቱ ሲደርቅ፣ ከኅዳር እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ነው። ግንባታ የሚጧጧፈውም በዚሁ ወቅት ነው። ለአንዱ የሥራ ፈት ወቅት የሆነው ለሌላው የገበያ ወቅት ነው።

በአርሲና በባሌ ስንዴ የሚያጭዱ የኮምባይነር ባለቤቶች ለዓመታት የሚሠሩት በዚህ ዓይነት ነው። ማሽኑ የሰብሉን መድረስ ተከትሎ ከወረዳ ወረዳ ይዞራል፤ ደላላው ማሳ ያሰባስባል፤ ገበሬው በኩንታል ይከፍላል። የባሕር ዛፍ ዊንችም ሊሠራ የሚችለው በዚህ መንገድ ነው። አንድ ገበሬ ለአንድ ቀን የሚበቃ ወፍራም ግንድ ላይኖረው ይችላል። በአንድ ሸለቆ ዳር ያሉ አሥር ገበሬዎች ግን በአንድነት ለሳምንት የሚበቃ ሊኖራቸው ይችላል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው ነው። እዚህ ላይ የደላላው ሚና ዋጋ ከመደራደር ያለፈ ይሆናል። ቀን አስተካክሎ ማሳ የሚያያይዝ፣ ቆራጭ የሚያስቀድም፣ መኪና በሰዓቱ የሚያቆም ደላላ ያለው ነጋዴ ያተርፋል።

ከመተማ እስከ ደባርቅ ያለው መንገድ ግን ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ትራክተር ይህንን ያህል በጎማው ሄዶ ጎማ ከሚጨርስ ተጭኖ ቢሄድ ይሻላል። ለጥቂት ቀናት ሥራ ይህ ወጪ አይታሰብም፤ ለሁለትና ለሦስት ወር ውል ግን ይታሰባል። ከዚህም በላይ በክልሉ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ የተፈጠረው የፀጥታ መደፍረስ በየትኛውም መንገድ ውድ ማሽን ይዞ ለሚንቀሳቀስ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄ ነው። ኢንቨስተሩ የመድን ውሉን አንብቦ በምን ምክንያት የደረሰ ጉዳት እንደማይከፈል ሳያውቅ መንቀሳቀስ የለበትም።

ቀረጥ፣ ብድርና የብር ዋጋ

መንግሥት በ2011 ዓ.ም. የእርሻ ሜካናይዜሽን መሣሪያዎች ከቀረጥና ታክስ ነፃ ሆነው እንዲገቡ መፍቀዱ ለትራክተር ገዥዎች እፎይታ ሰጥቷል። ዊንች ግን በዓለም አቀፉ የጉምሩክ ምደባ የሚታወቀው ከማንሻና ከመጎተቻ መሣሪያዎች ተርታ እንጂ ከእርሻ መሣሪያዎች ተርታ አይደለም። ስለሆነም አስመጪው «የትራክተር ተቀጥላ ስለሆነ በነፃ ይገባል» ብሎ ከማዘዙ በፊት ምደባውን በጽሑፍ ቢያረጋግጥ ይበጀዋል። ዕቃው ወደብ ከደረሰ በኋላ የሚነሣ ክርክር ከቀረጡ የበለጠ ያስወጣል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጥቷል። የማናቸውም ከውጭ የሚመጣ ብረት ዋጋ በዚያው ልክ ወደ ላይ ሄዷል። ለካፒታል ዕቃ ገንዘብ ለሚያጥረው ባለሀብት ያለው ሌላው መንገድ የሊዝ ፋይናንስ ነው። የኢትዮጵያ ልማት ባንክ እና በአማራ ክልል የተቋቋመው ዋልያ የካፒታል ዕቃ ፋይናንስ ማሽኑን ገዝተው በኪራይ መልክ የሚያቀርቡ ተቋማት ናቸው። ማሽኑ ራሱ ዋስትና መሆኑ ቤትና መሬት ለማያስይዝ ወጣት ነጋዴ ትልቅ ነገር ነው።

በጋራዥ ከአሮጌ ካሚዮን ላይ ተነቅሎ የሚሠራ ዊንችም ሊታሰብ ይችላል። ዋጋው ይረክሳል። ነገር ግን ጭነት ተንጠልጥሎ ሳለ የሚይዝ ፍሬን የሌለው፣ ካቦ ሲበጠስ ሾፌሩን የሚከላከል የብረት መረብ ያልተሠራለት ዊንች መሣሪያ ሳይሆን አደጋ ነው። በተወጠረበት የሚበጠስ የብረት ካቦ እንደ ጅራፍ ተመልሶ ሰው ይቆርጣል። በካቦው መሥመር ላይና በሚታጠፍበት ማዕዘን ውስጥ ማንም መቆም የለበትም። ከሚጎተተው ግንድ በታች በኩል መቆምም እንዲሁ ክልክል ነው። በአንድ አደጋ የሚከፈል ካሣ የዓመቱን ትርፍ ጠራርጎ ይወስዳል፤ የሰው ሕይወት ግን በካሣ አይመለስም።

የመሬቱና የሕጉ ዋጋ

የእነዚህ ተራሮች አፈር በጎርፍ የተጎዳ ነው። ግንድ በአንድ መሥመር ደጋግሞ ሲጎተት ቦይ ይወጣል፤ ክረምት ሲመጣ ያ ቦይ ሸለቆ ይሆናል። መፍትሔው በእርጥብ መሬት አለመጎተት፣ የግንዱን ጫፍ በመዘውር ከፍ አድርጎ መሳብ፣ ሥራው ሲያልቅም መሥመሩን በቅርንጫፍና በድንጋይ አግድም መዝጋት ነው። ለገበሬው ከዚያ የማያንስ ጉዳይ ጉቶው ነው። የጉቶው ልጥ ከተላጠ በሚቀጥለው ዙር የሚያቆጠቁጠው ዛፍ ይቀንሳል። በቁሙ የሚሸጥ ገበሬ በውሉ ውስጥ «ጉቶ ለሚጎዳ ካሣ ይከፈላል» የሚል አንድ መሥመር ቢያስገባ አስተዋይነት ነው።

የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የግል ደንን ያውቃል፤ ለባለቤቱም መብት ይሰጣል። ይሁንና እንጨት ጭኖ ኬላ የሚያልፍ መኪና የእንጨቱን ምንጭ የሚያሳይ ወረቀት እንዲይዝ ይጠየቃል። በቀን አንድ መኪና ይጭን የነበረ ነጋዴ በቀን አራት ሲጭን ወረቀቱንም አራት እጥፍ አስቀድሞ ማዘጋጀት ይኖርበታል። ያለዚያ ዊንቹ ያተረፈውን ሰዓት ኬላው ይበላዋል።

በዚህ አካባቢ ደግሞ ከሁሉ የሚለይ አንድ ጎረቤት አለ። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ስፍራዎች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገብቶ የወጣው ከ21 ዓመት በኋላ፣ በ2017 ነው። በፓርኩ ክልል ውስጥ ያለው የአስታ ዛፍ የዋልያና የጭላዳ አገር ነው፤ ለንግድ የሚቆረጥ እንጨት አይደለም። ገደል ውስጥ ገብቶ ግንድ የሚያወጣ መሣሪያ ባሕር ዛፍና አስታን አይለይም፤ የሚለየው ባለቤቱ ነው። በሌላ በኩል ከገበሬው ማሳ የሚወጣው ባሕር ዛፍ በተመጣጣኝ ዋጋ ወደ ከተማው ከደረሰ በአስታው ላይ የሚያርፈው መጥረቢያ ይቀንሳል ተብሎ ሊታሰብ ይችላል። ስለዚህ ዊንቹ ከፓርኩ ወሰን ርቆ በተመዘገበ የግል ማሳ ላይ ብቻ መሥራቱ የነጋዴውን ፈቃድም የአገሩንም ቅርስ ያድናል።

ተሸካሚውስ?

የቀን ሠራተኛው ጉዳይ ሊዘለል አይገባም። ከዚህ ሒሳብ እንደሚታየው አጣናና ቋሚ በትከሻ መውጣታቸው ይቀጥላል፤ ዊንቹ በዚያ አይወዳደርም። የሚተካው ስምንት ሰው የሚሸከመውን ግንድ ነው። ያ ሥራ ጀርባ የሚሰብር፣ በሸርታቴ ዳገት ላይ አንዱ ሲወድቅ ሰባቱን ይዞ የሚወድቅ ሥራ ነው። ዊንቹ በትክክል ከሠራ በቀን አራት መኪና ስለሚጭን ጫኝና አውራጅ፣ ቆራጭና ካቦ አሳሪ ይፈልጋል። ይሁን እንጂ ዛሬ ከሸክም የሚያድረው ሰው ነገ በካቦ አሳሪነት ይቀጠራል የሚል ዋስትና የለም። ነጋዴው ከዚያው ቀበሌ ቢቀጥር ከአካባቢው ጋር ያለው ሰላም የመሣሪያው ሌላ መድን ይሆንለታል።

በአጠቃላይ ሲታይ ጥያቄው ዊንች ይገዛ ወይስ አይገዛ የሚል አይደለም። በደባርቅና በዳባት ሸለቆዎች ለአንድ በጋ ቢያንስ 100 የሥራ ቀን፣ በቀን ከሁለት አይሱዙ በላይ የሚሞላ ወፍራም ግንድ በውል የያዘ ሰው አለ ወይ? የሚለው ነው። ይህንን የያዘ ሰው ትራክተሩን ተከራይቶም፣ ዊንቹን በሊዝ ወስዶም ሊያተርፍ ይችላል። ይህንን ያልያዘ ሰው ዊንቹን በነፃ ቢሰጡት እንኳ ይከስራል። ገበሬውም ቢሆን ወፍራሙን ግንዱን በአጣና ዋጋ በቁሙ ከመሸጡ በፊት ጎረቤቶቹን አስተባብሮ ዛፋቸውን በአንድነት ቢያቀርቡ፣ እስከዛሬ ገደሉ ይቆርጥለት የነበረውን ዋጋ ራሱ ለመቁረጥ ዕድል ያገኛል።